የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም፦ ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ ያለው ታሪክ

መግቢያ

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ጎልማሶች በክትትል ክፍሎቻችን ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ለዓመታት የሚወስዱት መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅማቸውን ያዳክምባቸው እንደሆነ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ ባለሙያው ተዘጋጅቶ ካልጠበቀው በቸልታ ይታለፋል፣ ወይም «ምንም አያደርግህም» በሚል ጥቅል መልስ ይዘጋል። መልስ ያላገኘ ሕመምተኛ ደግሞ የራሱን መልስ ይሰጣል፤ መድኃኒቱን ይቀንሳል፣ አለዚያም በአንድ ቀን ያቆመዋል። ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የሚከተለው ያለ ፋታ የሚደጋገም መንቀጥቀጥ ሕይወት ሊያሳጣ እንደሚችል ለዚህ መጽሔት አንባቢያን መንገር አያስፈልግም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከታሪኩ ጋር አያይዞ መመልከት ነው። ለዚህም የአዲስ አበባን ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ኮረብታዎች እንደ ማሳያ እንወስዳለን። ከእንጦጦ ተዳፋት ተነሥቶ በየካ በኩል እስከ ኮተቤ በሚዘልቀው አካባቢ፣ በተለያየ ዘመን በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተፈተነ ወገኖቻችን የተጠለሉባቸው ሦስት ዓይነት ሥፍራዎች ይገኛሉ። እነርሱም የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የታከሙበት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ ብዙዎች ፈውስ ፍለጋ የሚወጡባቸው የእንጦጦ ጠበሎች፣ እንዲሁም በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ ስሙ የገነነው የየካ ኮተቤ ሆስፒታል ናቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሦስቱም በር ሊገባ ይችላል፤ በእያንዳንዱም በር ላይ ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ ይጠብቀዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመድኃኒቶቹ አመጣጥ

ለሚጥል በሽታ ፍሬ ያለው የመጀመሪያው መድኃኒት ብሮማይድ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ቻርልስ ሎኮክ በ1857 ለንደን ውስጥ በተደረገ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ጥቅሙን ካስታወቀ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሆኖም ብሮማይድ አእምሮን ያፈዝዝ፣ ቆዳንም በብጉር መሰል ቁስል ያበላሽ ነበር።

በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ለእንቅልፍ ይሰጥ የነበረው ፌኖባርቢታል የሚጥል በሽታን እንደሚቀንስ አሳተመ። ይህ ግኝት ዛሬም ድረስ ይሠራል። ፌኖባርቢታል ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑና በቀን አንድ ጊዜ ሊወሰድ በመቻሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አቅማቸው ውሱን ለሆነ አገሮች ሲመክረው ኖሯል። ቀጥሎ በ1938 አሜሪካውያኑ ሂውስተን ሜሪትና ትሬሲ ፑትናም የፌኒቶይንን ጥቅም አስታወቁ። ካርባማዜፒን በ1953 በስዊዘርላንድ ተቀምሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የቫልፕሮዬት ፀረ መንቀጥቀጥ ባሕርይም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ ታወቀ።

በእነዚህ ዓመታት የተመራማሪዎች ሐሳብ ያተኮረው በአንጎል ላይ ነበር። መድኃኒቶቹ በጉበት፣ በመቅኔና በሊምፍ ዕጢዎች ላይ ምን እንደሚያደርጉ የተጠየቀው ዘግይቶ ነው።

በመከላከያ ሥርዓቱ ላይ የታዩት ለውጦች

የመጀመሪያው ግልጽ ምልክት የመጣው ከፓቶሎጂ ክፍል ነው። በ1959 ሳልትዝስታይንና አከርማን የተባሉ ሐኪሞች፣ ፌኒቶይንንና መሰል መድኃኒቶችን የሚወስዱ አንዳንድ ሕሙማን የሊምፍ ዕጢዎቻቸው አብጠው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ካንሰር እንደሚመስሉ፣ መድኃኒቱ ሲቆም ግን እብጠቱ እንደሚጠፋ ገለጹ። የአንገት ዕጢ እብጠት ሲታይ በቅድሚያ ነቀርሳ በሚታሰብበት አገር ይህ ትዝብት ልዩ ትርጉም አለው። ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው ንፍፊት ሲያወጣ ናሙና ወስዶ መመርመር ተገቢ ነው፤ ከናሙናው ጋር ግን የመድኃኒቱ ስም በመጠየቂያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ምልክት በ1971 በላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ፌኒቶይን ከሚወስዱ ሕሙማን መካከል በከፊሎቹ ላይ የኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ መጠን አንሶ፣ በሕዋሳት የሚካሄደውም መከላከል ደክሞ አገኙ። ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የአፍን፣ የአየር ቧንቧንና የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ የሚጠብቅ ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ ዜናው አሳሳቢ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ለውጡ ከመድኃኒቱ ይሁን ከበሽታው ከራሱ የሚለው ጉዳይ አከራከረ። በተግባር የሚጠቅመው ድምዳሜ ግን ይህ ነው፦ የኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ መቀነስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይታያል፤ አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ኢንፌክሽን አይደርስባቸውም፤ መድኃኒቱ ሲለወጥም ብዙውን ጊዜ መጠኑ ይመለሳል። ሳይነስና ሳንባው ደጋግሞ የሚመረቅዝበት ሕመምተኛ ሲገጥም ግን ነገሩን ማስታወስ ይገባል።

ካርባማዜፒን በበኩሉ ከ10 ሰዎች በ1 ያህል ላይ የነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። ይህ በአብዛኛው ጊዜያዊና ጉዳት የሌለው ነው። መቅኔን ሙሉ በሙሉ የሚያደርቀው ከባድ ጉዳት እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም፣ ሕመምተኛው ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስል ወይም የመድማት ምልክት ሲታይበት ሳይዘገይ እንዲመጣ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሌቬቲራሴታምን በመሳሰሉት አዳዲስ መድኃኒቶችም ላይ በነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር አነስተኛ ለውጥ ተመዝግቧል።

የመከላከያ ሥርዓቱ ቁጣ

እስካሁን የተመለከትነው ስለ መድከም ነው። በተግባር ይበልጥ አስፈሪ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ የመከላከያ ሥርዓቱ በመድኃኒቱ ላይ ሲቆጣ የባለቤቱን ቆዳና ጉበት ያጠቃል። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ላሞትሪጂን በኬሚካዊ አሠራራቸው ባለቀለበት ሞለኪውሎች በመሆናቸው በዚህ ረገድ ይዛመዳሉ። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንታት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የፊትና የዕጢዎች እብጠት፣ የጉበት መቆጣት ሊከተል ይችላል። ሺርና ስፒልበርግ የተባሉ ካናዳውያን ሐኪሞች በ1988 ይህን የሕመም ስብስብ ራሱን ችሎ እንዲታወቅ አድርገዋል። ድግግሞሹ ከ1,000 ሰዎች 1 እስከ ከ10,000 ሰዎች 1 እንደሚደርስ ይገመታል። በአንዱ የተቆጣ ሰው በዘመዱም የመቆጣት ዕድሉ ከ40 እስከ 80 በመቶ ስለሚደርስ፣ ፌኒቶይን ያስቆጣውን ሰው ወደ ካርባማዜፒን ማዛወር ከእሳት ወደ ረመጥ መጣል ይሆናል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ተመራማሪዎች በዚህ ሕመም ጊዜ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የኖረው 6ኛው የሄርፒስ ቫይረስ እንደሚነቃ አሳዩ። በ2004 ደግሞ ከታይዋን የወጣ ጥናት፣ ኤች ኤል ኤ-ቢ 15፡02 የተባለው የዘር ምልክት ያላቸው የሃን ቻይናውያን ካርባማዜፒን ሲወስዱ ቆዳን ለሚልጠው ከባድ ሕመም እንደሚጋለጡ አረጋገጠ። ይህ ምልክት በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ብርቅ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ዋናው መከላከያ የባለሙያው ንቃትና ለሕመምተኛው አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይቆያል።

በአገራችን የሚጥል በሽታ ሕክምና ጉዞ

በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል፣ በ1968 በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ከቤተሰብና ከማኅበረሰብ ተገልለው የሚኖሩበትን ሁኔታ አሳይቶ ነበር። ከሁለት ዐሠርት ዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት ከ60,820 ነዋሪዎች 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችን አገኙ። በ1990 የታተመው ይህ ጥናት ስርጭቱ ከ1,000 ሰዎች 5.2 መሆኑን ያረጋገጠ ሲሆን፣ ከሕሙማኑ እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው አያውቁም ነበር። በሽታው በለሃጭ ይተላለፋል የሚለው እምነትም ሥር የሰደደ ነበር፤ በዚህም ምክንያት የወደቀን ሰው ከእሳትና ከውኃ ለማዳን እጁን የሚዘረጋ አይገኝም ነበር።

በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና መጀመሩ ሁኔታውን መለወጥ ጀመረ። ነርሶቹ በየክልሉ ሲመደቡ የሚጥል በሽታ ክትትልም አብሮአቸው ወረደ። ብዙ ሕሙማን ከፌኖባርቢታል ጋር የተዋወቁት በእነዚህ ነርሶች እጅ ነው። ይህ ሥራ የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ታድጓል። ከዚያው ጋር ግን አንድ ሁኔታ ተፈጠረ፤ የሚጥል በሽታ ክትትል በአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ የነቀርሳና የኤች አይ ቪ ክትትል ደግሞ በየራሳቸው ክፍልና መዝገብ ሄዱ። የሦስቱም ካርድ ያለው አንድ ሰው ሦስት ባለሙያዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ሦስቱም የየድርሻቸውን በትክክል ሠርተው ሰውየው ሊጎዳ ይችላል። ቀጥሎ የምንመለከታቸው ሦስት ሥፍራዎች ይህን ያሳያሉ።

ቅዱስ ጴጥሮስ፦ ነቀርሳና የጉበት ኢንዛይሞች

በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለበርካታ ዐሠርት ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ አገልግሏል። በዚህ ሥፍራ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከነቀርሳ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ለመረዳት ስለ ጉበት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በጀርመንና በአሜሪካ የተካሄዱ ምርምሮች፣ ፌኖባርቢታል የጉበትን መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይሞች እንደሚያበዛ አሳዩ። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሪፋምፒሲን ደግሞ በዚህ ሥራ ከሁሉም ይበረታል። በአንጻሩ ከ1952 ጀምሮ ለነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ የፌኒቶይንንና የካርባማዜፒንን መሰበር ያግዳል። ስለዚህ ፌኒቶይን የሚወስድ ሰው አይሶኒያዚድ ሲጨመርለት፣ በተለይም አይሶኒያዚድን በዝግታ የሚያስወግድ ጉበት ካለው፣ ፌኒቶይን በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይንቀጠቀጣል፣ ነገሮች ሁለት ሆነው ይታዩታል። ይህን ያየ ባለሙያ ነቀርሳው ወደ አንጎል ሽፋን ተዛመተ ብሎ ሊሰጋ ይችላል። ሪፋምፒሲን ሲታከል ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌላው ወገን ሊያዘነብልና የተረሳው መንቀጥቀጥ ሊመለስ ይችላል። የነቀርሳ ሕክምናው ሲያበቃ የሪፋምፒሲን ውጤት በ2 ሳምንታት ገደማ ውስጥ ስለሚጠፋ የሚጥል በሽታው መድኃኒት መጠን ዳግመኛ ይዛባል። የሕክምናው መጨረሻ እንደ መጀመሪያው ክትትል የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2009 በኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሕክምና የተጀመረው በዚሁ ሆስፒታል ነው። በጊዜው ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የነበረው ሳይክሎሴሪን ራሱ መንቀጥቀጥ ስለሚያስነሣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የማይመከር ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ቤዳኩዊሊን ይህ ችግር ባይኖርበትም፣ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በደም ውስጥ ያለውን መጠን ያወርዱበታል። መጠኑ የወረደ የነቀርሳ መድኃኒት ባክቴሪያውን ሳይገድል ያለማምደዋል። ከእርሱ ጋር የሚሰጠው ሊኔዞሊድም መቅኔን የሚያደክም በመሆኑ፣ በካርባማዜፒን ላይ ሲደረብ የደም ሕዋሳትን ቁጥር መከታተል ይበልጥ ያስፈልጋል።

እንጦጦና ኤች አይ ቪ፦ የተዘዋዋሪው ጉዳት

የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበሎች የሚጥል በሽታ ያለባቸውም ሆኑ በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ወገኖች ተስፋ ያደረጉባቸው ናቸው። በ2005 ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በአንዳንድ ጠበል ቦታዎች ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም የሚል አመለካከት ነበር። በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ምእመናን ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው ለብዙዎች እፎይታ ሆኗል። ይህ ምክር ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም ያለ ልዩነት ይሠራል። ፌኖባርቢታል ማታ አንድ ጊዜ መወሰድ መቻሉ በጾምና በጠበል ሰሞን ላለ ሰው የተመቸ በመሆኑ፣ ባለሙያው ይህን ከሕመምተኛው ጋር አስቀድሞ ሊነጋገርበት ይችላል።

መድኃኒቶቹን አብሮ መውሰድ ግን የራሱ ጥያቄ አለው። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ቶክሶፕላዝማ፣ ክሪፕቶኮከስ ወይም ነቀርሳ አንጎልን ሲያጠቃ መንቀጥቀጥ ይከተላል። ለመንቀጥቀጡ በቅርብ የሚገኘው ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን ሲሰጥ፣ የተነቃቃው ጉበት ኔቪራፒንን፣ ኤፋቪሬንዝንና ሎፒናቪርን ቶሎ ቶሎ ይሰብራል። በደም ውስጥ ያለው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያንስ ቫይረሱ ይራባል፤ ሲዲ4 የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ይቀንሳሉ።

ሕመምተኛው «መድኃኒቱ አቅሜን ያዳክመዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የሚጥል በሽታው መድኃኒት የመከላከያ ሕዋሳቱን በቀጥታ አልነካቸውም፤ የሚጠብቃቸውን ሌላ መድኃኒት ነው የወሰደባቸው። በካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ የተጻፈበት ሰው፣ አንዲት ክኒን ሳይዘል ሁለቱንም የወሰደ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚና ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ በ2012 ባወጡት የጋራ መመሪያ፣ እነዚህን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ጉበትን የሚያነቃቁ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን በተቻለ መጠን ማስወገድ እንደሚገባ መክረዋል። ከ2010ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በአገራችን በስፋት የተሠራጨው ዶሉቴግራቪርም ከዚህ አላመለጠም፤ ካርባማዜፒን ለሚወስድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ የሚሰጠው 50 ሚሊ ግራም ወደ ሁለት ጊዜ ከፍ እንዲል፣ ከፌኒቶይንና ከፌኖባርቢታል ጋርም የሚቻል ከሆነ አብሮ እንዳይሰጥ ይመከራል። ቫልፕሮዬት ጉበትን ባያነቃቃም የዚዶቩዲንን መጠን ከፍ በማድረግ የደም ማነስን ሊያባብስ ይችላል፤ ልጅ ልትወልድ በምትችል ሴት ላይ ደግሞ በፅንሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ሌቬቲራሴታም ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር የማይጋጭ በመሆኑ በተገኘበት ቦታ ሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው።

ቫልፕሮዬትን በተመለከተ ሌላም የታሪክ ገጽ አለ። በ2005 በላንሴት የወጣ አነስተኛ ጥናት፣ ቫልፕሮዬት ከተጨመረላቸው 4 ሰዎች በ3ቱ ላይ ኤች አይ ቪ ተደብቆ የሚኖርባቸው ሕዋሳት ቁጥር መቀነሱን ገልጾ ነበር። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለኤች አይ ቪ ፈውስ መንገድ ይከፍታል የሚል ተስፋም ተነሣ። በቀጣዮቹ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ውጤቱን አላረጋገጡትም። ቢሆንም መድኃኒቶቹ ከአንጎል ውጭ ባሉ ሕዋሳት ላይም እንደሚሠሩ ለማስታወስ ጠቅሟል።

የካ ኮተቤ፦ የወረርሽኙ ጊዜ

የየካ ኮተቤ ሆስፒታል ሲታሰብ ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ለአእምሮ ሕክምና አገልግሎት እንዲውል ነበር። በማርች 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ ሲገኝ የአገሪቱ የመጀመሪያ የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆነ። በመላው ዓለም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዚያን ወቅት የጠየቁት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ መድኃኒቴ ለኮቪድ ያጋልጠኛል ወይ? ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ የሰጠው መልስ ግልጽ ነበር። የተለመዱት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የመከላከል አቅምን ያዳክማሉ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ መጠንቀቅ የሚገባው ስቴሮይድ፣ ኤሲቲኤች፣ ኤቨሮሊመስና መሰል የመከላከያ ሥርዓቱን የሚነኩ ሕክምናዎችን በሚወስዱት ላይ ነው። መድኃኒትን በፍርሃት ማቋረጥ ከኮቪድ ያላነሰ አደጋ እንዳለውም አሳስቧል።

ያም ሆኖ የጉበቱ ጉዳይ እዚህም ተከትሎ መጣ። በጁን 2020 የጽኑ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ የተረጋገጠው ዴክሳሜታዞን፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል በሚወስድ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ ይወርዳል። በ2021 መጨረሻ ሥራ ላይ የዋለው ኒርማትሬልቪርና ሪቶናቪር ደግሞ ከሦስቱ ጉበት አነቃቂ መድኃኒቶች ጋር ጨርሶ እንዳይሰጥ ተከልክሏል። አነቃቂውን መድኃኒት በሕክምናው ዋዜማ ማቆምም አይረዳም፤ የጉበቱ መነቃቃት ለሳምንታት ይቆያልና፣ መንቀጥቀጡም ሊነሣ ይችላልና። ከነቀርሳና ከኤች አይ ቪ የተገኘውን ልምድ ያስታወሰ ባለሙያ ይህን ለማወቅ አዲስ መማሪያ መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ የመጀመሪያው ጥያቄው «ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚል ከሆነ በቂው ነበር።

በዚህ መካከል ሳይንሱ ከሌላ አቅጣጫም ተጉዟል። ዓለም አቀፉ ሊግ በ2017 ባወጣው አመዳደብ የመከላከያ ሥርዓት መዛባትን ከሚጥል በሽታ መንሥኤዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። በሽታውና የመከላከያ ሥርዓቱ የሚገናኙት በመድኃኒቱ በኩል ብቻ እንዳልሆነ በዚህ ታውቋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ታሪክ በአንድ ሐሳብ ሊጠቃለል ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በአብዛኞቹ ጎልማሶች ላይ በሽታ የመከላከል አቅምን በቀጥታ አያዳክሙም፤ በጥቂቶች ላይ ግን መከላከያውን በከባድ ሁኔታ ያስቆጣሉ፤ ከሁሉ በሰፋ መጠን ደግሞ በጉበት በኩል ሌሎች ሕይወት አድን መድኃኒቶችን ያመክናሉ። ሦስተኛው ጉዳት በዓይን የማይታይ በመሆኑ፣ ሊያገኘው የሚችለው የሚጠይቅ ባለሙያ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቻችን በየተመደቡበት ክፍል ጥቂት ነገሮችን ልማድ ቢያደርጉ መልካም ነው። የነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ ወይም ሌላ ሕክምና የሚጀምር ጎልማሳ ሁሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ይጠየቅ። ብዙዎች መገለልን ፈርተው በሽታውን ስለሚደብቁ፣ ጥያቄው ሰው በሌለበትና በአክብሮት ይቅረብ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን በሁሉም ካርዶች ላይ ይጻፍ። መድኃኒት መለወጥ ሲያስፈልግ አዲሱ እየተጨመረ አሮጌው ቀስ በቀስ ይቀነስ። ትኩሳት ያለው ሽፍታ፣ የአፍ ቁስል ወይም የፊት እብጠት ሲታይ ግን ማዝገም የለም፤ አስቆጪው መድኃኒት ወዲያው ቆሞ በማይዛመደው ይተካ፣ ሕመምተኛውም ሆስፒታል ይግባ። እንዲህ ዓይነት ሽፍታ ኔቪራፒን ወይም ኮትሪሞክሳዞል በሚወስድ ሰው ላይ ሲወጣ፣ የትኛው መድኃኒት በየትኛው ቀን እንደተጀመረ የሚያሳይ መዝገብ ከማንኛውም ምርመራ በፊት ይጠቅማል።

የዓለም ጤና ጉባኤ በሜይ 2022 ያጸደቀው የድርጊት ዕቅድ፣ በ2031 የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶው ስለ በሽታቸው እንዲያውቁ፣ 80 በመቶው ተስማሚና አስተማማኝ መድኃኒት በሚችሉት ዋጋ እንዲያገኙ፣ ከታከሙት ሰዎች 70 በመቶው መንቀጥቀጣቸው በበቂ ሁኔታ በቁጥጥር ሥር እንዲውል ግብ ጥሏል። አስተማማኝ የሚለው ቃል እንደ ሌቬቲራሴታም ያሉ የማይጋጩ መድኃኒቶች በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲገኙ መሥራትን ይጠይቃል። እስከዚያው ፌኖባርቢታል የብዙዎች ብቸኛ ደጋፊ ሆኖ ይቀጥላልና፣ ጠባዩን አውቆ መስጠት የእኛ ድርሻ ነው። ከእንጦጦ ጠበል ወርዶም ይሁን ከኮተቤ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ክፍላችን የሚገባ ሕመምተኛ «መድኃኒቱ አቅሜን ያዳክመዋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሳችን የሚጀምረው ሌሎቹን መድኃኒቶቹን ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጥልን በመጠየቅ ነው።